ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጅ መያዝ ያዋጣል?
የቨርጂኒያ የቤት ዴይኬሮች ሂሳብ

በአሜሪካ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በተለይም በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢ፣ መኖሪያ ቤታቸውን ዴይኬር አድርገው የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ጥቂት አይደሉም። ሥራው የሱቅ ኪራይ አይጠይቅም፤ ዕቃ ተሸክሞ መዞር የለበትም። ከዚያ የተቆጠበው ገንዘብም ብዙ ጊዜ እዚህ አገር ቤት ወይም ሱቅ ሆኖ ይታያል። ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ የሚይዙት እነዚህ እናቶች ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። «ትልቁን ልጄን ደግሞ ከትምህርት በፊትና በኋላ ብትይዢልኝ?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ዋጋው በሚገባ ካልተሰላ ትርፍ ያመጣል የተባለው ልጅ ኪሳራ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ፈላጊው የሚመጣው ከሰዓት አለመገጣጠም ነው። ትምህርት ቤት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹን ይለቃል። ወላጅ ግን በሆቴል፣ በሆስፒታል ወይም በታክሲ ሥራ ላይ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ጠዋትና ማታ የሚፈጠረውን ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው መገኘት አለበት።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል?

በቨርጂኒያ ሕግ ከራሷ ቤተሰብ ውጪ ከ5 እስከ 12 ልጆችን በቤቷ የምትይዝ ሴት የግዛቱን ፈቃድ ማውጣት ይኖርባታል። እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ተቆጣጣሪ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ቢያንስ አንዱ ጉብኝት ሳይነገር የሚደረግ ነው።

ይሁን እንጂ የገቢውን ጣሪያ የሚወስነው የልጆቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የነጥብ ደንቡም ነው። አንዲት አሳዳጊ ብቻዋን መያዝ የምትችለው እስከ 16 ነጥብ ነው። እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ ይወስዳል። ከ16 እስከ 23 ወር ያለው 3 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው 2 ነጥብ፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው ደግሞ 1 ነጥብ ይቆጠርበታል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነጥብ የለውም፤ ነገር ግን ከ12ቱ ልጆች እንደ አንዱ ይታሰባል። የባለቤቷ የራሷ ትናንሽ ልጆችም በነጥቡ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ነጥብ ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ነጥብ በሳምንት ስንት ዶላር ያስገባል ብሎ መጠየቅ የሥራው ቁልፍ ነው።

ለምሳሌ ያህል በርካታ ቁጥሮችን እንገምት። ዴይኬሩ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ማታው 12፡30 ክፍት ነው እንበል፤ ይህ በሳምንት 60 ሰዓት ነው። የጨቅላ ሕፃን ዋጋ በሳምንት 360 ዶላር፣ የሦስት ዓመት ልጅ ዋጋ 300 ዶላር ይሁን። ጨቅላው 4 ነጥብ ስለሚወስድ በነጥብ 90 ዶላር ያስገባል። የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን በነጥብ 150 ዶላር ይከፍላል።

ወደ ተማሪው እንምጣ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ቢቆይ በሳምንት 25 ሰዓት ይሆናል። 300 ዶላር ለ60 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 5 ዶላር ነውና ብዙዎች ተማሪውን በዚሁ ሂሳብ 125 ዶላር ያስከፍሉታል። ወላጅም ባለቤትም ፍትሐዊ ዋጋ ነው ብለው ይስማማሉ። ይሁንና ተማሪው ትምህርት ቤት በሚውልባቸው ሰዓታት የተለቀቀውን ነጥብ ለሌላ ልጅ መሸጥ አይቻልም። ምክንያቱም ሌላው ልጅ ጠዋትና ማታ ከተማሪው ጋር ይገናኛል፤ በዚያን ጊዜ ነጥቡ ከ16 ያልፋል። ተማሪው የያዘው 25 ሰዓት ሳይሆን ሙሉ ቦታ ነው። የቦታው ዋጋ ደግሞ 150 ዶላር ነበር።

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጨቅላዎችና ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች ካሉ 12 ነጥብ ተይዟል፤ 4 ነጥብ ይቀራል። በቀረው ቦታ አንድ ጨቅላ ቢገባ 360 ዶላር ይገኛል። አራት ተማሪዎች በ125 ዶላር ቢገቡ 500፣ ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች ቢገቡ 600 ይሆናል። እንግዲህ ተማሪ ከጨቅላ ይሻላል፤ ከሦስት ዓመት ልጅ ግን ያንሳል። የሦስት ዓመት ልጅ ፈላጊ በሌለበት ጊዜ 125 ዶላርም ባዶ ከሚቀር ቦታ ይበልጣል። ወረፋ የሚጠብቅ የሦስት ዓመት ልጅ እያለ ግን በ125 ዶላር ተማሪ መቀበል በየሳምንቱ 100 ዶላር መጣል ነው።

ዓመቱ 52 ሳምንት ነው

ሌላው ወጥመድ የትምህርት ዘመኑ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ትምህርት ቤቶች በዓመት ቢያንስ 180 ቀን ወይም 990 ሰዓት እንዲያስተምሩ ያዛል። 180 ቀን 36 የሥራ ሳምንት ነው። አራቱ ተማሪዎች ለ36 ሳምንት ብቻ በ125 ዶላር ቢከፍሉ ዓመታዊ ገቢው 18,000 ዶላር ይሆናል። ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች ዓመቱን ሙሉ ቢቆዩ ግን 31,200 ዶላር ያስገባሉ።

ልዩነቱን ማጥበቢያው መንገድ በውሉ ላይ ነው። ዋጋው ወደ 160 ዶላር ከፍ ቢልና እነዚሁ ልጆች በክረምቱ ዕረፍት ለ10 ሳምንት ቀኑን ሙሉ በ220 ዶላር ቢቆዩ፣ 23,040 እና 8,800 ተደምረው 31,840 ዶላር ይሆናል። ክረምቱ ከሌለ ሂሳቡ አይሞላም ማለት ነው። በመሆኑም ውሉ ሲጻፍ በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን፣ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ የገና ሳምንትና የክረምት ወራት በምን ዋጋ እንደሚታሰቡ አንድ በአንድ መስፈር አለበት። ልጁ ቀረም መጣም ቦታው ተይዞለታልና ክፍያው በሳምንት ይቆረጥ፤ በተገኘበት ሰዓት አይሁን።

መጓጓዣው

ጨቅላዎች ባሉበት ቤት ከባዱ ነገር ተማሪውን ማምጣት ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶብስ በዴይኬሩ አቅራቢያ የሚያወርደው ከሆነ ችግሩ ተቃለለ። ስለዚህ ልጁን ከመቀበል በፊት ቤቱ በዚያ ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። ባለቤቷ ራሷ በመኪና የምታመጣ ከሆነ ግን ረዳት ከሌላት ሕፃናቱን ሁሉ ጭና መሄድ አለባት፤ ቤት ትታቸው መውጣት አትችልም። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ ለዕድሜው በሚሆን የመኪና ወንበር መታሰር አለበት። ለዚህ ሲባል ረዳት መቅጠር ካስፈለገ ደመወዙ የአራቱን ተማሪዎች ትርፍ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል።

ምግብና ግብር

የፌዴራሉ መንግሥት የልጆች ምግብ ድጎማ ፈቃድ ላላቸው የቤት ዴይኬሮች በቀን ለአንድ ልጅ እስከ ሁለት ዋና ምግብና አንድ መክሰስ ድረስ ይተካል። ተማሪው ጠዋት ቁርስ፣ ከሰዓት መክሰስ ስለሚበላ ሁለቱም ይታሰባሉ። መዝገቡ ግን በየቀኑ መሞላት አለበት።

በግብር በኩል ባለቤቷ የቤቷን ወጪ በከፊል መቀነስ ትችላለች። መጠኑ የሚገኘው ቤቱ ለሥራ የዋለበት ሰዓት በዓመቱ 8,760 ሰዓት ተካፍሎ፣ በሥራው ስፋት ሲባዛ ነው። ከቤቱ 60 በመቶው ለሥራ ቢውል፣ በቀን 12 ሰዓት ለ250 ቀን የሚሠራ ዴይኬር 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ተማሪ ብቻ በቀን 5 ሰዓት ለ180 ቀን የሚይዝ ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ወላጁም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የከፈለውን ለግብር ቅናሽ ማቅረብ የሚችለው የዴይኬሩን ባለቤት የግብር ቁጥር ሲያስመዘግብ ነው። ያለ ደረሰኝ በእጅ መቀባበል ሁለቱንም ያከስራል።

ተወዳዳሪውም መታየት አለበት። የፌርፋክስ አስተዳደር በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እ.ኤ.አ ከ1974 ጀምሮ ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጆችን የሚይዝበት ፕሮግራም አለው። እዚያ መጓጓዣ የሚባል ጣጣ የለም። የቤት ዴይኬር ብልጫ ያለው ማለዳ ሲከፍት፣ ወንድምና እህትን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲይዝና ልጁ አማርኛ እየሰማ እንዲያድግ ሲያደርግ ነው። እነዚህ ዋጋ የሚያወጡ ነገሮች ናቸው፤ በነፃ መሰጠት የለባቸውም።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል ቢባል፣ የቨርጂኒያው ነጥብ እዚህ የለም፤ ስሌቱ ግን አለ። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆችን ለመያዝ ቤት የሚያዘጋጅ ሰው የሚከፍለው ኪራይና ደመወዝ ወር ሙሉ ይቆጥራል፤ ልጆቹ የሚመጡት ግን ለጥቂት ሰዓታት ነው። በመሆኑም ዋጋ ከመናገሩ በፊት የወር ወጪውን ቤቱ በሚችለው የልጆች ቁጥር ያካፍል። ክረምትንም አብሮ ያስላ። በሰዓት ተምኖ የጀመረ ግን ቤቱ በልጆች ጫጫታ ሞልቶ ካዝናው ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።