ቢራ ማስታወቂያ የሚበዛበት፣ ጤፍ የማይተዋወቅበት ምክንያት

እህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው ዘግኖ መዳፉ ላይ ያያል፤ ማኛውን ከሰርገኛው፣ ንጹሑን አፈር ካለበት ይለያል። ነጋዴው ቴሌቪዥን ላይ መውጣት አያስፈልገውም። ማታ ግሮሰሪ የገባ ሰው ግን አስተናጋጇ «ምን ቢራ ላምጣ?» ስትለው እየቀመሰ አይመርጥም። አንድ ስም ይጠራል፣ አለቀ። የቢራ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያፈሱት ለዚያች አፍታ ነው።

ቢራን፣ ለስላሳን፣ ሳሙናን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ተፎካካሪዎቹ በጣዕምም በዋጋም ይቀራረባሉ። ሰው ደጋግሞ ስለሚገዛቸው ዛሬ የተማረከ ደንበኛ ለዓመታት ይከፍላል። ፋብሪካው አንዴ ከቆመ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ጨምሮ መሙላት ብዙ ወጪ የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ጠቀም ያለ ትርፍ ያመጣል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም ፉክክሩ የጦፈው መንግሥት ፋብሪካዎቹን ሲሸጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ይህን ያህል ከፍሎ የገባ ገበያ ሳይዝ አያድርም። ስሞቹንም ልብ በሉ፦ ጊዮርጊስ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ። ቅዱሱ፣ ተራራው፣ ብርቅዬው እንስሳ፣ ማንነታችን። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሲቀራረብ ልዩነቱ ከምንወደው ነገር ይመጣል።

አንዱ ሲያስተዋውቅ ዝም ያለው ደንበኛው ይነጠቅበታል፤ ስለዚህ ብቻውን ማቆም የሚደፍር የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ስታግድ የኩባንያዎቹ የማስታወቂያ ወጪ ቀነሰ፣ ትርፋቸው ግን ጨመረ። ብዙው ገንዘብ እርስ በርስ ለመነጣጠቅ ይፈስ የነበረ ነውና።

አምራቾች «የምንሻማው ነባሩን ጠጪ ነው» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ስርጭት አድማጩን አይመርጥም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያገደው፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉትም መጠጡ እንዳይሸጥ የከለከለው በጎ አድርጎ ነው። ጣቢያዎች ገቢ አጥተዋል፤ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከአባቱ ጎን ኳስ የሚያይ ሕፃን የቢራ ዜማ በቃሉ ይወጣ ነበር። ማንም አስተናጋጅ «ምን ላምጣ?» ሳትለው መልሱን ያውቀው ነበር።