የዳሽቦርድ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት

የዳሽቦርድ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት በመኪና መሪ ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሚገኙት የጌጅና የማስጠንቀቂያ መብራቶች ማንም ሳይነካቸው ሲደምቁና ሲደበዝዙ፣ ወይም ሲበሩና ሲጠፉ የሚታይ ሁኔታ ነው። የኤሌክትሪክ ብልሽት ምልክት እንጂ ራሱ ብልሽቱ አይደለም። ስለዚህ ጥገናው አምፖል ወይም ባትሪ በመግዛት ሳይሆን ኃይሉ የት ላይ እንደሚቆራረጥ በመለየት ይጀምራል።

አሠራሩ

ሞተሩ በጠፋ ጊዜ መብራቶቹ ኃይል የሚያገኙት ከባትሪው ነው። ሞተሩ ሲነሳ በቺንጊያ የሚዞረው ዲናሞ (አልተርኔተር) ለመኪናው ኃይል ይሰጣል፤ ባትሪውንም ይሞላል። ሬጉሌተር የሚባለው ክፍል ቮልቴጁ ከመጠን እንዳያልፍና እንዳያንስ ይቆጣጠራል። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው አካልና በሻንሲው በኩል ሲሆን፣ አካሉን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም ገመድ አለ። ይህ ገመድ ከላላ ወይም ከዛገ ዲናሞውም ባትሪውም ደህና ሆነው መብራቱ ይርገበገባል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የወረታ–ወልዲያ መንገድ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አጠገብ አልፎ፣ የላይ ጋይንት ከተማ ወደሆነችው ነፋስ መውጫ ይደርሳል። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከዚህ ዋና መንገድ በስተደቡብ ይገኛሉ። በጠጠር መንገድ ላይ የሚመላለስ መኪና ንዝረት ቡሎን ያላላል፤ አቧራና የክረምት ጭቃም በማገናኛዎች ውስጥ ይገባል። የደጋው ብርድ ደግሞ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባትሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

አደጋው በሌሊት ጉዞ ይከፋል። የነዳጅ ፓምፑ በሜካኒካል የሚሠራ የቆየ የናፍጣ ሞተር ዲናሞው መሙላት ቢያቆምም መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ሾፌሩ ዳሽቦርዱን ችላ ካለ ችግሩን የሚያውቀው የፊት መብራቱ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሲደክምበት ነው።

ምልክቶችና የሚጠቁሙት ምክንያት

• መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ብቻ ከሆነ፦ የላላ ተርሚናል፣ የላላ የኔጌቲቭ ገመድ ወይም ከሰሌዳው ጀርባ የወለቀ ሶኬት።
• በሞተሩ ፍጥነት ልክ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ከሆነ፦ የላላ ቺንጊያ፣ ያለቀ የዲናሞ ካርቦን ወይም የተበላሸ ሬጉሌተር።
• ፍሬቻ ወይም ፍሬን ሲነካ አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ፦ ደካማ የኔጌቲቭ ግንኙነት።
• የሰሌዳው መብራት ብቻ ሆኖ የፊት መብራቱ ካልተነካ፦ የብርሃን መቀነሻ ማብሪያው፣ ፊውዙ ወይም የሰሌዳው ሶኬት።
• የባትሪ ምስል ያለው ቀይ መብራት ከታየ፦ የመሙላት ችግር።

ምርመራ

መጀመሪያ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ተርሚናሎቹ በእጅ ይነቀነቃሉ፤ መንቀሳቀስ የለባቸውም። ቀጥሎ በቴስተር ይለካል። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ቮልት ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊሆን ይገባል። የፊት መብራት በርቶ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው በሚገባ አይሞላም፤ ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። ባለ 24 ቮልት በሆኑ የጭነት መኪኖች ቁጥሮቹ እጥፍ ይሆናሉ።

የኔጌቲቩን ገመድ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራና መብራቶቹ በርተው የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ ይደረጋል። ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ግንኙነቱ መጽዳት አለበት።

ጥገና

ተርሚናል ሲፈታ ኔጌቲቩ ቀድሞ ይወጣል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይገባል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት በሶዳና በሞቀ ውኃ ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ይታሰራል፤ ከላዩ ስስ ግራሶ ይቀባል። የኔጌቲቩ ገመድ አካሉን የሚነካበት ቦታም ቀለምና ዝገቱ እስኪለቅ ይጸዳል። የላላ ቺንጊያ ይወጠራል፤ የተሰነጣጠቀ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ንባቡ ካልተስተካከለ ብቻ ዲናሞው ተፈትቶ ካርቦኑ፣ ዳዮዱና ሬጉሌተሩ ይመረመራሉ።

ጥንቃቄ

ዲናሞን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ጎጂ ነው፤ በቅጽበት የሚነሳው ከፍተኛ ቮልቴጅ ዳዮዶችንና ኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን ያቃጥላል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ሽቦ ማሰር እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣው በአጠገቡ እሳት አይለኮስም።

ቀዩ የባትሪ መብራት በመንገድ ላይ ከበራ አላስፈላጊ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይጠፋሉ። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች ብቻቸውን ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ፤ ያረጀ ባትሪ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። ቺንጊያው ተበጥሶ የውኃ ፓምፑም በእርሱ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ስለሚግል ወዲያው መቆም አለበት። ከጨለመ ደግሞ ወደሚቀጥለው ዳገት ከመግባት በቅርብ ከተማ ማደር ይመረጣል።