ጭሱ ይለካ

በ2025 የካሊፎርኒያ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ለአንድ ረቂቅ ሕግ ሲሯሯጡ ከረሙ። ሴናተር ሻነን ግሮቭ ያቀረቡት ኤስቢ 712 ነው፤ ኮሜዲያኑ ጄይ ሌኖ ከፊት ሆነው ስለተሟገቱለት «የሌኖ ሕግ» ይሉታል። 35 ዓመት የሞላውና የሰብሳቢዎች ኢንሹራንስ ያለው መኪና ከጭስ ምርመራ ነፃ ይውጣ የሚል ነበር። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ለተወካዮች ስልክ ተደወለ። ሴኔቱ አሳለፈው፤ ኦገስት ላይ ግን በታችኛው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ዘንድ ቀረ።

ቅሬታቸው የቆየ ነው። ድሮ 30 ዓመት የሞላው መኪና ዓመት በመጣ ቁጥር ነፃ እየሆነ ይሄድ ነበር። በ2004 የወጣው ሕግ ይህንን አስቀርቶ ድንበሩን 1975 ላይ ተከለ። የ1976 ሞዴል ዛሬም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ካላለፈ ቦሎ የለም።

እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመኪና ጭስ መርማሪ ነኝ። ጋሼ የምላቸው ደንበኛዬ የ1979 ቮልስ አላቸው፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ልጅ ሆነው አዲስ አበባ መንዳት የተማሩባትን የምታስታውሳቸው። ከፋብሪካ በኢንጀክሽን የወጣች ናት፤ የቀድሞ ባለቤቷ ነቅሎ ካርቡሬተር ገጥሞባታል። የመመርመሪያው ሮለር ላይ አውጥቼ ነዳኋት። ሃይድሮካርቦኑ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሁሉም ለሞዴሏ ከተፈቀደው በታች ወጣ። የኋላ ኮፈኗን ስከፍት ግን ወደቀች። ሕጉ ከጭሱ ሌላ ፋብሪካው የገጠመው የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃ በቦታው መኖሩን ይጠይቃል፤ የተቀየረ ነገር ካለም የግዛቱ የአየር ቦርድ የፈቀደበት ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

«ልጄ፣ ጭሷ ካለፈ እኮ ጥፋቷ ምንድን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው።

ሆኖም «ጨርሶ አትመርምሩን» የሚለውን አልደግፍም። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር በደንብ ካልተስተካከለ ከአዲስ መኪና ብዙ እጥፍ ያልተቃጠለ ነዳጅ ይተፋል፤ ቆሞም ከታንኩ ቤንዚን ይተናል። ኬሚስቱ አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አካባቢ እንዳሳዩት፣ ይህ ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ፀሐይ ሲያገኛቸው ኦዞን ይሆናሉ። ተራራ የከበበው ከተማ ላይ ደግሞ ያው ተኝቶ ይውላል። ባለቤቶቹ «ጥቂት ነን፣ የምንነዳውም እሑድ እሑድ ነው» ሲሉ እውነት አላቸው፤ ልጁ አስም ያለበትን ወላጅ ግን በዚህ አያሳምኑም። የተለካ ቁጥር ያሳምናል።

መንገዱ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አለ። 35 ዓመት የሞላት፣ የሰብሳቢዎች ኢንሹራንስ የገባች መኪና ወደ ግዛቱ ዳኛ መርማሪ ከሄደች የሚታየው የጭሷ ልክ፣ የታንኳ ክዳንና ነዳጅ ማፍሰስ አለማፍሰሷ ነው። ዕቃ አይቆጠርባትም። ጋሼን ወደዚያው ላክኋቸው። ይህን የሚያውቅ ባለ አሮጌ መኪና ግን እምብዛም አላጋጠመኝም፤ እኔ በምሠራበት ዓይነት ተራ ጣቢያ አይሠራም።

ክለቦቹ በሚቀጥለው ዙር መጠየቅ ያለባቸው ይህንን ይመስለኛል፦ ያ ምርመራ በየጣቢያው ይፈቀድልን። ለተወካዮቻቸው የሚልኩት ደብዳቤ ላይም ያለፉበትን የጭስ ውጤት ኮፒ አድርገው ያያይዙ።