የሥነ ልቡና ተማሪ ስለምን ሒሳብ ይማራል?

ሥነ ልቡናን ዋና ትምህርቱ አድርጎ የሚመርጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሰውን ልብ መርምሮ ማወቅ የሚማር ይመስለዋል። ወደ ክፍል በገባ ጊዜ ግን የሚጠብቀው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ነው፤ በዚህም ልቡ የሚቀዘቅዝ አይታጣም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሒሳቡ ስለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት ነው።

ቪልሄልም ቩንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1879 በላይፕሲክ ከተማ የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ፥ ትምህርቱ ከፍልስፍና እየተለየ በመለካትና በማመዛዘን የሚሠራ ሆነ። ነገር ግን መለኪያው ራሱ መመርመር አለበት። አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 በፓሪስ ያወጣው ፈተና፥ በትምህርት ልዩ ርዳታ የሚሹትን ልጆች ለመለየት የታሰበ ነበር። ይኸው ፈተና ተሻሽሎና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ፥ በ1913 የሄንሪ ጎዳርድ ረዳቶች በኒው ዮርክ ወደብ፥ በኤሊስ ደሴት፥ ለደረሱ ስደተኞች አቀረቡት። ከብዙ ቀን የባሕር ጕዞ በኋላ በአስተርጓሚ ስለማያውቁት ነገር ከተጠየቁት ሰዎች ብዙዎቹ «አእምሯቸው የደከመ» ተባሉ። ጥፋቱ ግን የመለኪያው እንጂ የሰዎቹ አልነበረም፤ ለአንድ አገር ልጆች የተሰናዳ ሚዛን ሌላውን በትክክል አይመዝንምና።

እንግዲህ ስታቲስቲክስ ይህን የመሰለውን ስሕተት ለመግለጥ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ፈተናው ለማን ተዘጋጀ? ውጤቱስ ከእነማን ውጤት ጋር ተመዛዘነ? በሌላ ቀን ቢደገም ይጸናልን? በአገራችንም ከውጭ የመጣ ፈተና ተተርጕሞ ለሕፃን ሲቀርብ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በአንድ ቍጥር የልጅ ዕድል ሊወሰን ይችላልና።