እውነት ወይስ ተረት? ቀጥታ በረራ የሚከፍተው ማን ነው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። ሰማዩ ዛሬም አይታረስም፤ ድንበር ግን ተበጅቶለታል። በኅዳር 1937 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከየአገሩ ምድር በላይ ያለው አየር የዚያው አገር እንደሆነ ደንግጓል። ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ስለ አዳዲስ በረራዎች የሚወሩት ብዙዎቹ ተረቶች የሚበቅሉት ይህ ድንበር ሲዘነጋ ነው።

ተረት፦ አንድ አየር መንገድ ከፈለገ ነገውኑ መብረር ይችላል።

እውነት፦ አውሮፕላኑም መንገደኛውም ቢኖሩ መንግሥታት ካልተስማሙ በረራ የለም። በእኛ በኩል የሚደራደረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ወደየትኛው ከተማ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ የሚለው ሁሉ ድርድር ይጠይቃል። የአስመራን በረራ ያስታውሱ። 20 ዓመት ተዘግቶ የኖረው መስመር በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ የሰላም ስምምነት በተፈረመ በቀናት ውስጥ ተከፈተ። የኤርትራ ባለሥልጣናት እንደሚያግዱት ካስታወቁ በኋላ ደግሞ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ቆመ። ርቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ፈቃዱ ነው።

ተረት፦ ቀጥታ በረራ ማለት መሐል ላይ የትም አያርፍም።

እውነት፦ በሙያው ቋንቋ ቀጥታ ማለት የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር መድረስ ነው፤ መሐል ላይ ማረፍ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለነዳጅ ሲያርፍ ኖሯል፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ይከብዳል። ማረፊያውም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይገኝም፦ በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ ነዳጅ መቅዳት አንድ መብት ነው፤ የሎሜን መንገደኛ አሳፍሮ አሜሪካ ማድረስ ሌላ መብት።

ተረት፦ የአፍሪካ ሰማይ ለአፍሪካውያን ተከፍቷል።

እውነት፦ እንዲከፈት በኮትዲቯሯ ያሙሱክሮ በ1992 ዓ.ም. ተወስኗል፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ 23 አገሮች፣ ኢትዮጵያ ጭምር፣ የአፍሪካን የአየር ትራንስፖርት የጋራ ገበያ አስጀምረዋል። ይሁንና ብዙ አገሮች ዛሬም የገዛ አየር መንገዳቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ፈቃድ ይቆጥባሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማላዊ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ 45 በመቶ ድርሻ ይዞ ከአገሬው ጋር አየር መንገድ ማቋቋሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በር ሲጠብ ከባለቤቱ ጋር መግባት ይሻላል።

ተረት፦ የበረራ ስምምነት ሲፈረም ትኬት ይረክሳል።

እውነት፦ የነዳጅ ዋጋ፣ ግብርና የኤርፖርት ክፍያ በፊርማ አይቀንሱም። ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው በዚያው መስመር ሁለተኛ ተፎካካሪ ሲገባ ነው።

እንግዲህ «ቀጥታ በረራ ሊጀመር ነው» የሚል ዜና ሲሰሙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ብቻ ነው ወይስ ትኬት መሸጥ ተጀምሯል? መሐል ላይ ያርፋል? በሳምንት ስንት ጊዜ? መልስ ካላገኙ ሻንጣዎን ለማሰር አይቸኩሉ።