አስካሪው፦ የአንድ ተራ እግረኛ ወታደር ኑሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት

እዚህ ኬንያ በር ላይ የሚቆመውን ጥበቃ ሁላችንም «አስካሪ» እያልን ነው የምንጠራው። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ሲሆን ወታደር ማለትም ነው። የዛሬ 80 ዓመት ገደማ አስካሪ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ሥር በኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር ያገለግል የነበረው የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የኒያሳላንድ ልጅ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

የታሪክ መጽሐፎቻችን የጄኔራል ስምና ከተማ የተያዘበትን ቀን ያስጠናሉ። ተማሪዎች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፤ ወታደሩ ምን ይበላ ነበር? ስንት ይከፈለው ነበር? ቤተሰቡንስ ማን ያይለት ነበር? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ምክንያቱም ጦርነት ለተራው ወታደር በአብዛኛው መሄድ፣ መሸከም፣ መጠበቅና መታመም ነው።

በጦርነቱ ከምሥራቅ አፍሪካ ከ300,000 በላይ ሰው ተመልምሏል። አንዳንዱ ለግብር መክፈያ ገንዘብ ፈልጎ በፈቃዱ ገባ፤ ሌላው የመንደሩ ሹም «ሂድ» ስላለው ሄደ። ከብዙ ነገድ የመጣውን ሰው የሚያግባባው የሠራዊቱ ስዋሂሊ ነበር። መኮንኖቹ ነጮች ናቸው፤ ተራው አስካሪ የፈለገውን ያህል ጀግና ቢሆን ከዋራንት ኦፊሰርነት አያልፍም። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ግርፋት የቀረው በ1881 ነው። ለአስካሪው ግን በዚህ ጦርነት ጊዜ እንኳ አልቀረለትም።

ከደመወዙ የተወሰነውን ለሚስቱ እንዲቆረጥ ያደርግና እሷ ከወረዳው አስተዳዳሪ ቢሮ ትቀበላለች። ዛሬ ዘመድ የላከልንን ገንዘብ ሰልፍ ይዘን እንደምንጠብቀው ማለት ነው። ደብዳቤም ነበር። መጻፍ የማይችለው ለሚችለው እየነገረ ያስጽፋል፤ የተጻፈውን ደግሞ ሳንሱር ያነበዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት በሁለት እንግዳ ሰዎች ፊት ነበር የሚጨዋወቱት።

ወደ አገራችን የመጡትም እነዚሁ ናቸው። በ1941 መጀመሪያ ከኬንያ የተነሣው ጦር የካቲት 25 (ፌብሩዋሪ) ሞቃዲሾን ያዘ፤ ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 27 ጎንደር ላይ የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ ከአርበኞቻችን ጎን የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች ነበሩ። የቆላ ልጅ በጎንደር ተራራ ላይ እንዴት እንዳደረ አስቡት።

ከሁሉ የከፋው ግን ቡርማ ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ሴሎን መሻገሩ ራሱ አደጋ ነበር፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1944 ኬዲቭ ኢስማኢል የተባለችው መርከብ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ ወደ 1,300 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ መድፈኞች ነበሩ። የአውራሪስ ራስ ምልክት ያደረገው 11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር ደግሞ በ1944 ክረምት ጃፓኖችን እያሳደደ የካባው ሸለቆን ቁልቁል ወረደ። ዝናቡ አያቆምም፤ መኪና በጭቃው ስለማይሄድ ምግብና ጥይት ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይጣልላቸዋል። የወባ መከላከያው ሜፓክሪን የሚባል ኪኒን ነው፤ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል። ከወባ ሌላ ከጥቃቅን ተባዮች በሚተላለፍ የታይፈስ በሽታም ሰው ያልቅ ነበር። ብዙ አንባቢ «ጦርነት የሚገድለው በጥይት ነው» ብሎ ያስባል፤ ሸለቆው ውስጥ ግን በሽታና ጭቃ ከጠላት እኩል ናቸው። በዲሴምበር 1944 መጀመሪያ ካሌዋን ያዙና ቺንድዊን ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ።

እኛን መምህራንን በተለይ የሚመለከተን አንድ ነገር አለ። ሠራዊቱ የራሱ የትምህርት ክፍል ነበረው፤ ትምህርት ቤት የነበሩ አፍሪካውያን ወጣቶች በየሻለቃው ተመድበው ማንበብና መጻፍ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። የአዛዦቹ ዓላማ ሬዲዮና መኪና የሚያዝ፣ ትእዛዝ የሚገባው ወታደር ማግኘት ነበር፤ አስካሪው ግን ፊደሉን ለራሱ ደብዳቤና ለጋዜጣም አዋለው። እስቲ ይታያችሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ በሌለበት፣ በድካም በሚያንቀላፉ ጎልማሶች ፊት ቆሞ ማስተማር። እኛ ስለ ክፍሎቻችን ብዙ እናማርራለን (እኔም ጭምር)።

ሲመለሱስ? በ2019 ጋዜጠኞች ያወጡት የጊዜው ሰነድ እንደሚያሳየው፣ ለአንድ የአገልግሎት ወር ነጩ ተራ ወታደር 10 ሺሊንግ ጉርሻ ሲያገኝ አፍሪካዊው የሚሰጠው 3 ሺሊንግ ከግማሽ ነው። በኬንያ ለነጭ ተመላሾች የእርሻ መሬት ማስፈሪያ ተዘጋጀ፤ ለአስካሪው አልተዘጋጀም። የሚጠብቀው ኪፓንዴ ነበር፤ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ይዞት እንዲዞር የሚገደድበት የመታወቂያና የሥራ ወረቀት። ቡርማን አቋርጦ የመጣ ሰው በገዛ አገሩ ወረቀት አሳይ ይባላል።

ዋሩህዩ ኢቶቴ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1942 ተቀጥሮ ቡርማ ዘመተ፤ አንድ እንግሊዛዊ ወታደር እዚያ «እኔ ለአገሬ ነው፣ አንተስ ለማን ትዋጋለህ?» የሚል ጥያቄ እንዳነሣበት በኋላ በመጽሐፉ አስታውሷል። በ1950ዎቹ «ጄኔራል ቻይና» በሚል ስም በኬንያ ተራራ ጫካ የማው ማው ተዋጊዎችን ይመራ ነበር። ያሠለጠናቸውም በከፊል ከአስካሪነቱ ዘመን በተማረው ነው።