መኪናዋን መመለስስ ይቻላል፤ ሁለተኛው ቁልፍ የት አለ?

እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደንን ለቅቄ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ስወስን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ በር ላይ የቆመችው መኪና ነበረች። በዱቤ የገዛኋት ናት፤ ውሏ የ60 ወር ሲሆን የከፈልኩት የ24ቱን ብቻ ነው። ከዚያ ካሉት ወገኖቻችን፣ በተለይ በሚኒካብ ሥራ ከሚተዳደሩት መካከል፣ እንዲህ ያለ ውል ያልፈረመ አላጋጠመኝም። ከውሉ መሀል በሕግ መውጣት እንደሚቻል የሚያውቅ ግን ብዙ አላገኘሁም። እኔም አላውቅም ነበር።

ውሉ እንግሊዞች «ሃየር ፐርቸስ» የሚሉት ነው። አበዳሪው ድርጅት መኪናውን ከሻጩ ይገዛና ለእርስዎ ያከራያል፤ የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ ብቻ ንብረትነቱ ይተላለፋል። በሊብሬ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የእኛ ሊብሬ የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር ነው፤ እነሱ «ቪ ፋይቭ ሲ» የሚሉት ወረቀት ግን በስምዎ ቢወጣም የሚያሳየው መኪናውን የሚይዘውን ሰው እንጂ ባለቤቱን አለመሆኑ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ዕዳው ሳያልቅ መኪናውን ሸጦ መሄድ የሰው ንብረት መሸጥ ነው።

ወደ አበዳሪው ስልክ ደወልኩ። በስልኩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ትሁት ነበረች። «በፈቃድዎ ሊያስረክቡን ይችላሉ፣ ፎርሙን እንልክልዎታለን» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል አንድ በሒሳብ ሥራ የቆየ ወዳጄ አስቆመኝ። ነገሩ ያለው በሁለት ቃላት ልዩነት ውስጥ ነበር።

በፈቃድ «ማስረከብ» እና በፈቃድ ውል «ማቋረጥ» አንድ አይደሉም። ሲያስረክቡ መኪናው በጨረታ ይሸጣል፤ የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ልዩነቱን ይከፍላሉ። ውል ማቋረጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ በአንቀጽ 99 የሰጠው መብት ነው። በአንቀጽ 100 መሠረት የተበዳሪው ግዴታ በመሠረቱ የጠቅላላውን ዋጋ ግማሽ እስኪሞላ መክፈል ነው። ጠቅላላ ዋጋ ሲባል ወለዱን፣ ቅድመ ክፍያውንና በውሉ መጨረሻ የሚከፈል ትልቅ ክፍያ ካለ እሱንም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ትልቅ ክፍያ ያለበት «ፒሲፒ» የተባለው ውል የፈረሙ ሰዎች ግማሹን ለመድረስ የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የእኔን ሒሳብ ልንገራችሁ። ቅድመ ክፍያዬ 1,500 ፓውንድ፣ ወርሃዊው 285 ፓውንድ፣ ጠቅላላው 18,600 ፓውንድ ነበር። ግማሹ 9,300 ይሆናል። በ24 ወራት ከቅድመ ክፍያው ጋር 8,340 ከፍዬአለሁ። ስለዚህ 960 ፓውንድ ጨምሬ ከውሉ መውጣት እችል ነበር። ማስረከብን ብመርጥስ? የወለድ ቅናሹ ታስቦ የቀረው ዕዳ 9,400 ገደማ ነበር፤ መኪናዋ በጨረታ 6,000 ብታወጣ እንኳ 3,400 ፓውንድ ተከታትሎኝ አዲስ አበባ ይገባል። የሠራተኛዋ ትህትና በ2,440 ፓውንድ ሊያስቀጣኝ ነበር ማለት ነው። ሆን ብላ ነው አልልም፤ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ አልነገረችኝም።

መብቱ የራሱ ገደቦች አሉት። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት፣ አበዳሪውም ራሱ ውሉን ከማቋረጡ በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ያደረ ውዝፍ ካለ ይከፈላል። ከግማሽ በላይ የከፈለ ትርፉ አይመለስለትም። መኪናውን የገዛው በተራ የባንክ ብድር ከሆነ ወይም ውሉ ንጹህ ኪራይ ከሆነ ይህ አንቀጽ አይመለከተውም። ለሚኒካብ ነጂዎች ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፦ ብድሩ ከ25,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ በዋናነት ለንግድ የተወሰደ ከሆነ ከሕጉ ጥበቃ ውጪ ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ «ለንግድ ሥራ» የሚል መግለጫ ፈርመው እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ።

ደብዳቤውን ልኬ 960 ፓውንዱን ከፈልኩ። በቀጠሮው ቀን አንድ ሹፌር መጥቶ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ቅጽ አስፈርሞኝ ወሰዳት። ያለቀ መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የ412 ፓውንድ ሒሳብ መጣልኝ፦ ሁለተኛ ቁልፍ 220፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን 92፣ የጎማ ብሎን መፍቻ ልዩ ቁልፍ 40፣ ፓራውልት ላይ ጭረት 60።

ብዙዎች የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በር ላይ የሚታየው የሹፌሩ ግምገማ ጥልቅ አይደለም፤ ዝርዝር ምርመራው የሚደረገው ባለቤቱ በሌለበት በጨረታው ግቢ ነው። መኪናዋ ከእጅዎ ወጥታ እዚያ እስክትደርስ የጠፋው ዕቃ ከማን ዘንድ ጠፋ?

ሕጉ የሚለው ይህ ነው፦ ተበዳሪው ለንብረቱ ተገቢውን ጥንቃቄ ካላደረገ ጉዳቱን ይክሳል። አብሮ የተሰጠን ዕቃ መጣል የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ አያከራክርም። ያልተሰጠኝን ዕቃ ግን አልክስም። የተለመደ አጠቃቀም ያመጣው ጭረትም የጥንቃቄ ጉድለት አይደለም። የብሪታንያ የተሽከርካሪ ኪራይና ሊዝ ማኅበር ተገቢ መጎዳትና ከመጠን ያለፈ ጉዳት የሚለይበት መመሪያ አለው፤ ለሊዝ የተጻፈ ቢሆንም ለክርክር መነሻ ይሆናል።

ሦስቱን ተከራከርኩ። መኪናዋን ያገለገለች ሆና ስገዛት ሻጩ የሰጠኝ የርክክብ ወረቀት «ቁልፍ፦ 1» ይላል፤ ወረቀቱን ቤት ለመልቀቅ ካርቶን ስጭን ባልጥለው ኖሮ ብዬ የምቆጭበት ነበር፣ ደግነቱ አልጣልኩትም። የብሎን መፍቻው ከክሪኩ አጠገብ በትንሽ ከረጢት ተቀምጦ በወሰዷት ዕለት ጠዋት ፎቶ አንስቼዋለሁ። ጭረቱ ከሹፌሩ ቅጽ ላይ የለም። ሦስቱም ተሰረዙልኝ። ባይሰረዙ ኖሮ አበዳሪው ለቅሬታዬ መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው፤ ከዚያ በኋላ፣ ወይም የመጨረሻ መልሱን ከሰጠ በስድስት ወር ውስጥ፣ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው መሄድ ይቻላል፤ አቤቱታ አቅራቢውን ምንም አያስከፍልም። ከአገር ከወጡ በኋላም በኢሜይል መከታተል ይቻላል፤ እኔም የመጨረሻውን ደብዳቤ የጻፍኩት ከቦሌ ነው።

እንግዲህ መኪና የምትመልሱ ሁሉ ከምንም በፊት መኪናዋን ስትረከቡ የተሰጣችሁን ወረቀት ፈልጉ። የአገልግሎት ደብተሩን፣ ትርፍ ጎማውን ወይም የአየር መሙያውን፣ መኪናዋ የኤሌክትሪክ ከሆነች የቻርጅ ገመዱን ከነዝርዝሩ ጽፋችሁ ሹፌሩን አስፈርሙት፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ፎቶ አንሱ። መኪናዋ እስክትወሰድ ኢንሹራንሱን አታቋርጡ። ውል ማቋረጡ በብድር ታሪካችሁ ላይ ሊመዘገብ እንደሚችልም እወቁ፤ ዕዳ አለመክፈል ተብሎ ግን መመዝገብ የለበትም።

የክዳኑን 92 ፓውንድ ከፈልኩ። ካርቶን ለመጫን አውልቄ ጓደኛዬ ቤት የተውኩት ራሴ ነኝ። ልላክላችሁ ብላቸው መኪናዋ ተሸጣለች አሉኝ። ክዳኑ እስካሁን እዚያው ነው፤ ጓደኛዬ ጫማ ይደረድርበታል።